ሞተር ሳይክልን በቤት ማንሳት፦ የማንሻ ምርጫና ማስማማት

ሞተር ሳይክል ሳይደገፍ አይቆምም። መኪና በክሪክ አንድ ጥጉ ሲነሣ በቀሩት ሦስት ጎማዎቹ መሬቱን እንደያዘ ይቆያል፤ ሞተር ሳይክል ግን አንዱ ጎማው ከመሬት ሲለቅ ሌላው ብቻውን ወደ ጎን ከመውደቅ አያድነውም። ስለዚህ የሞተር ሳይክል ማንሻ ሁለት ሥራ አለበት። ክብደቱን ወደ ላይ ይገፋል፤ የተነሣውንም ቀጥ አድርጎ ይይዛል። በገበያ ላይ ያሉት ማንሻዎች አብዛኞቹ የመጀመሪያውን ሥራ በሚገባ ይሠራሉ፤ ልዩነታቸው የሚታየው በሁለተኛው ነው። ማንሻ ሲመረጥ «ስንት ኪሎ ያነሣል?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «ሞተር ሳይክሉን የት ላይ ይይዘዋል?» የሚለው መመለስ ያለበትም በዚህ ምክንያት ነው።

የመያዣው ቦታ የሚወሰነው በሥራው ነው። ለሰንሰለት ማጽዳት፣ መቀባትና ማጥበቅ የኋላው ጎማ በነጻ መዞር ይበቃዋል። ዘይት ለመቀየር ጭራሽ መነሣት አያስፈልግም፤ የዘይቱ መጠን በትክክል እንዲነበብ ሞተር ሳይክሉ ቀጥ ብሎ መቆሙ ብቻ ይፈለጋል። የፍሬን ሸራ ለመለወጥ ባብዛኛው የጎን መቆሚያው ይበቃል። ጎማ ለማውጣት የሚወጣው ጎማ ከመሬት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ ከነቸርኬው ከፓራፋንጎው ሥር ተንከባሎ እንዲወጣ ከተፈለገ ደግሞ በትልልቅ ሞተር ሳይክሎች ላይ እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ሊያስፈልግ ይችላል። የፊት አሞርዛተሮችን ለማውጣት ክብደቱ በራሳቸው በአሞርዛተሮቹ ላይ ማረፍ የለበትም። የመሪውን አንገት ኩሽኔታ ለመቀየር አንገቱ ነጻ መሆን አለበት። የኋላውን አሞርዛተር ወይም የኋላ ጎማውን የተሸከመውን ክንድ ለመፍታት ክንዱን ይዞ የሚያነሣ መቆሚያ ምንም አይረባም፤ የሚፈታው ዕቃ ራሱ ሸክሙን ተሸክሞ ነውና። በቤቱ ምን ምን እንደሚሠራ አስቀድሞ በወረቀት ላይ ያሰፈረ ሰው ማንሻ ሲገዛ ብዙ አይሳሳትም።

ቀጥሎ የሚታየው የሞተር ሳይክሉ ሆድ ነው። በአንዳንዶቹ የሻሲው ብረቶች ከሞተሩ ሥር አልፈው ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ ሁለት ትይዩ ብረት ከሥር ያለው ሞተር ሳይክል ለማንሳት ከሁሉም የተመቸ ነው። በሌሎች ሻሲው ከሞተሩ ፊትና ኋላ ላይ ይቆማል፤ የታችኛውን ክፍል የሚሠራው ሞተሩ ራሱ ነው። እዚህ ላይ ክሪክ የሚያገኘው የዘይት ቋቱን፣ የዘይት ማፍሰሻውን ብሎን፣ የጭስ ማውጫውን ቱቦ ወይም የዘይት ማጣሪያውን ነው። ከእነዚህ አንዳቸውም ሸክም ለመቀበል አልተሠሩም። የዘይት ቋት ብዙ ጊዜ ቀጭን አሉሚኒየም ነው፤ በጠባብ የክሪክ ራስ ከተገፋ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ወጪ ከማንሻው ዋጋ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የአምራቹ የጥገና መጽሐፍ ሞተር ሳይክሉ የት ላይ መደገፍ እንዳለበት ያመለክታልና ከማንኛውም ግምት በፊት እሱን መክፈት ይገባል።

ክብደት ከዚህ በኋላ ይመጣል፤ ልዩነቱም ሰፊ ነው። በኢትዮጵያ ከተሞች የሚታየው ባጃጅ ቦክሰር 120 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ቢኤምደብሊው አር 1250 ጂኤስ ነዳጁን ይዞ 250 ኪሎ ይደርሳል። የሆንዳ ጎልድ ዊንግ የረጅም ጉዞ ሞዴል ወደ 380 ኪሎ ነው፤ የሃርሊ ዴቪድሰን ትልልቆቹ ደግሞ 400 ኪሎ አካባቢ ናቸው። በሁለቱ ዘንጎች መካከል ያለው ርቀትም እንዲሁ ይለያያል፤ በትንንሾቹ ከ1.2 እስከ 1.3 ሜትር ሲሆን፣ በጎልድ ዊንግ ወደ 1.7 ሜትር ይጠጋል። በገበያ ላይ በብዛት ያለው የጠረጴዛ ማንሻ ለመጀመሪያው ቡድን ከሚገባው በላይ ትልቅ፣ ለመጨረሻው ደግሞ ልክ በልክ መሆኑ የሚታወቀው ሁለቱንም ቁጥሮች ሲያዩ ነው።

ከማንሻዎች ሁሉ ቀላሉ ከሞተር ሳይክሉ ጋር የሚመጣው የመሐል መቆሚያ ነው። ሆንዳ በ1958 እ.ኤ.አ. ያወጣውና በ2017 የምርቱ ቁጥር 100 ሚሊዮን የደረሰው ሱፐር ከብ የመሐል መቆሚያ ያለው ሲሆን፣ በእስያና በአፍሪካ ለሥራ የሚነዱ ትንንሽ ሞተር ሳይክሎችም ብዙዎቹ እንዲሁ ናቸው። ይህ መቆሚያ ሰፊ ሁለት እግር ስላለው ሞተር ሳይክሉን ከጎን ይይዘዋል፤ የኋላውንም ጎማ ከመሬት ያላቅቃል። ለሰንሰለት፣ ለኋላ ጎማና ለኋላ ፍሬን ሌላ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። በዚያው ላይ ከሞተሩ ፊት ለፊት በኩል አነስተኛ ክሪክ ቢገባ የፊቱም ጎማ ይነሣል። የመሐል መቆሚያ ያለው ሰው ይህን ሀብት ሳይጠቀምበት ትልቅ ማንሻ ሲገዛ ማየት የተለመደ ነው፤ አላስፈላጊ ወጪ ነው። የጎን መቆሚያ ብቻ ያላቸው ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። ለእርሻና ለገጠር ሥራ ታስቦ የተሠራው ያማሃ ኤጂ 200 በግራም በቀኝም የጎን መቆሚያ አለው፤ ያም ሆኖ ሁለቱም ጎማ አያነሡም፤ ጥቅማቸው መሬቱ በየትኛውም በኩል ቢያዘነብል ማቆም መቻላቸው ነው።

የመሐል መቆሚያ ለሌላቸው የስፖርት ሞተር ሳይክሎች የእሽቅድምድም ሰፈሮች መፍትሔ አበጅተዋል። ይህም ረጅም እጀታና ሁለት ትንንሽ ጎማ ያለው የብረት መቆሚያ ነው፤ እጀታው ወደ ታች ሲጫን የኋላውን ክንድ በሁለት በኩል ይዞ ያነሣል። መቆሚያው ክንዱን የሚይዘው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ክንዱን ከሥር የሚደግፍ ጎማ የለበሰ ጠፍጣፋ ድጋፍ ነው፤ ለማንኛውም ይሆናል፣ ነገር ግን ይንሸራተታል። ሁለተኛው በክንዱ ላይ በብሎን የሚታሰር፣ ወገቡ ቀጠን ያለ ክብ ቁራጭ ነው፤ የመቆሚያው መንጠቆ ወገቡ ውስጥ ገብቶ ስለሚቀመጥ አያመልጥም። ልዩነቱ ሰፊ ስለሆነ ክንዱ ላይ ለዚህ የተዘጋጀ ቀዳዳ ካለ ሁለተኛውን ከመምረጥ ሌላ አማራጭ የለም። የብሎኑ ውፍረት እንደ አምራቹ ይለያያል፤ ያማሃ ባብዛኛው 6 ሚሊ ሜትር፣ ሆንዳና ሱዙኪ ባብዛኛው 8፣ ኬቲኤም ባብዛኛው 10 ይጠቀማሉ። ክሩን ሳይለኩ መግዛት የክንዱን ቀዳዳ ያበላሻል።

ክንዳቸው በአንድ በኩል ብቻ የሆነ ሞተር ሳይክሎች ሌላ ዓይነት መቆሚያ ይፈልጋሉ። ቢኤምደብሊው በ1980 በአር 80 ጂኤስ፣ ሆንዳ በ1990 በቪኤፍአር 750፣ ዱካቲ በ1994 በ916 ይህን አሠራር ተጠቅመዋል። መቆሚያው በዘንጉ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ ፒን አለው፤ የፒኑ ውፍረት ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ የአንዱ ለሌላው አይሆንም።

የፊት መቆሚያዎች ሁለት ናቸው። አንዱ የአሞርዛተሮቹን ጫፍ ከሥር ይደግፋል፤ ጎማና ፍሬን ለመሥራት ይበቃል፣ ዋጋውም ዝቅተኛ ነው። ሌላው በመሪው አንገት ታችኛ ቀዳዳ ፒን አስገብቶ ያነሣል፤ አሞርዛተሮቹን ነጻ ስለሚያደርግ የተሻለ ነው፣ የአንገቱን ኩሽኔታ ለመፍታት ግን አይሆንም። በሁለቱም ላይ የማይጣስ ቅደም ተከተል አለ። መጀመሪያ የኋላው ይነሣል፤ ሞተር ሳይክሉ በኋላው መቆሚያ ቀጥ ብሎ ከቆመ በኋላ የፊቱ ይነሣል። ሲወርድ የፊቱ ይቀድማል። የፊት መቆሚያ ብቻውን ከጎን ምንም አይይዝም።

ለጭቃና ለሜዳ የተሠሩ ቀላል ሞተር ሳይክሎች ሆዳቸው ጠፍጣፋ ስለሆነ በእግር ረግጠው የሚያነሡት አጭር መቆሚያ አላቸው። ሞተር ሳይክሉ ላዩ ላይ ይቀመጥና ሁለቱም ጎማ ይነሣል። ለ100 ኪሎ ገደማ ድንቅ መሣሪያ ነው፤ ለከባድ አይሞከርም።

በቤት ጋራዥ ከሁሉም በላይ በብዛት የሚገኘው ክሪክ ነው። ለሞተር ሳይክል የተሠራው የመቀስ ክሪክ ራሱ ጠፍጣፋና ጎማ የለበሰ ነው፤ በቁልፍ በሚዞር ጥርስ ያለው ዘንግ ይነሣል፤ እስከ 500 ኪሎ ድረስ የሚችሉ ሞዴሎች የተለመዱ ናቸው። ዘንጉ ካልተዞረ ወደ ኋላ ስለማይመለስ እንደ ሃይድሮሊክ ቀስ በቀስ አይወርድም፤ ይህ ትልቅ በጎነቱ ነው። ጉድለቱ ጠባብነቱ ነው። ከሥር ያለው ስፋት ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ብቻ በመሆኑ ሁለቱንም ጎማ በአንድ ጊዜ አንሥቶ ያለ ማሰሪያ መሥራት አይቻልም። አንዱን ጎማ መሬት ላይ አስቀርቶ ሌላውን ለማንሳት ግን ታማኝ ነው። የመኪና ጠርሙስ ክሪክ ለዚህ ሥራ አይመከርም፤ ራሱ ትንሽና ክብ ስለሆነ ሸክሙን በአንድ ነጥብ ላይ ያሳርፋል፤ ብረት በብረት ላይ ደግሞ ይንሸራተታል።

ከመቀስ ክሪክ ከፍ የሚለው ሁለት ረዣዥም እጆች ያሉት፣ በአራት ትንንሽ ጎማ የሚሄድ ሃይድሮሊክ ማንሻ ነው። ለሃርሊና ሻሲያቸው ከሞተሩ ሥር ለሚያልፍ ተመሳሳይ ሞተር ሳይክሎች የተሠራ ያህል ነው፤ እጆቹ ሁለቱን ትይዩ ብረቶች ይይዛሉ፤ የጎን ቀበቶዎች ይታሰሩበታል፤ ጎማዎቹ ሁለቱም ከመሬት ይለቃሉ። ሆዱ ወጣ ገባ ለሆነ ሞተር ሳይክል ግን ያለ ማስማሚያ አይሠራም፤ ወደዚህ ጉዳይ ከታች እንመለሳለን።

የጠረጴዛ ማንሻ ከሁሉም ውዱ፣ ከሁሉም ቦታ የሚይዘው፣ ለሠራተኛው ወገብ ደግሞ ከሁሉም የሚሻለው ነው። ሁለት ሜትር ከሃያ ገደማ ርዝመትና ከ55 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የላሜራ መድረክ ከሥሩ በመቀስ ቅርጽ በተያያዙ ብረቶች ላይ ይቆማል። ሲተኛ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ ሲነሣ ወደ 80 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ለግል ጋራዥ የሚሸጡት በብዛት 450 ኪሎ ይሸከማሉ። ሞተሩ ከመድረኩ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ መድረኩ 60 ሴንቲ ሜትር ሲነሣ ሞተሩ ከቆመ ሰው ክርን ፊት ለፊት ይመጣል። ወለል ላይ ተንበርክኮ ግማሽ ቀን የሠራ ሰው የዚህን ትርጉም ያውቀዋል።

ይህ ማንሻ ከመግዛት በፊት ሊታወቁ የሚገቡ ሁለት ባሕርያት አሉት። የመጀመሪያው፣ የመቀስ አሠራር ሲተኛ ደካማ፣ ሲነሣ ጠንካራ መሆኑ ነው። ብረቶቹ ተኝተው ሳለ ሲሊንደሩ የሚገፋው ወደ ጎን እንጂ ወደ ላይ ስላልሆነ መነሻው ላይ የሚያስፈልገው ኃይል ከሁሉም ይበልጣል። ስለዚህ አንድ ጠረጴዛ ሸክሙን ከመሬት ማላቀቅ ካቃተው ከፍ ሲል ያንኑ ሸክም በቀላሉ ይሸከማል ማለት ይቻላል። ሁለተኛው ደግሞ ቁመት ሲጨምር ሚዛን መቀነሱ ነው። የሞተር ሳይክሉ የክብደት መሐል ከጎማው ሥር 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል እንበል። ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠረጴዛ 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ተኝቶ ሳለ፣ የጠረጴዛው የራሱ ክብደት ሳይቆጠር፣ የክብደቱ መሐል ከመሠረቱ ጠርዝ እስኪያልፍ ድረስ 23 ዲግሪ ያህል ማዘንበል አለበት። 80 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲነሣ ይህ ወደ 13 ዲግሪ ይወርዳል። ጠንካራ ብሎን በረጅም ቁልፍ ሲጎተት የሚፈጠረው ጉተታ ደግሞ ወደ ጎን ነው። በዚህ ምክንያት የዘንግ ዳዶዎች፣ የጥርስ ማርሾች ብሎንና ሌላም ኃይል የሚጠይቅ ማናቸውም ነገር ጎማዎቹ መሬት ላይ ሳሉ ይላላል፤ ሞተር ሳይክሉ ከተነሣ በኋላ የሚቀረው መፍታት ብቻ ይሆናል።

ሃይድሮሊክ የሚሠራው ፈሳሽ ውስጥ ያለ ግፊት በየአቅጣጫው እኩል ስለሚደርስ ነው። አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ባለው ትንሽ ፒስተን ላይ የተጫነ 50 ኪሎ፣ አሥር ካሬ ሴንቲ ሜትር ባለው ትልቅ ፒስተን በኩል 500 ኪሎ ሆኖ ይወጣል፤ ዋጋው ርቀት ነው፤ ትንሹ አሥር ሴንቲ ሜትር ሲገፋ ትልቁ የሚነሣው አንድ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ሸክም የሚይዘው ግን በፒስተኑ ዙሪያ ያለ የላስቲክ ቀለበት ነው። ቀለበቱ ያረጃል፤ አቧራ ይጭረዋል፤ ዘይቱም ጥቂት በጥቂት ያመልጣል። ማታ ተነሥቶ የተተወ ጠረጴዛ ጠዋት ዝቅ ብሎ የሚገኘው በዚህ ነው። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ የተነሣው መድረክ በብረት ላይ መቀመጥ አለበት። ጥሩ ጠረጴዛዎች በየደረጃው የሚገባ የመቆለፊያ ዘንግ ወይም ጥርስ አላቸው፤ ከተነሣ በኋላ ዘንጉ ገብቶ፣ ግፊቱ ተለቅቆ፣ ክብደቱ ሙሉ በሙሉ በዘንጉ ላይ ሲያርፍ ብቻ እጅና ጭንቅላት ከሥሩ መግባት ይችላሉ። ቀደም ሲል በተጠቀሱት ተንቀሳቃሽ ማንሻዎች ላይም ደንቡ ይኸው ነው። የአውሮፓ መመዘኛዎች ለተሽከርካሪ ማንሻ ኢኤን 1493ን፣ ለተንቀሳቃሽ ክሪክ ኢኤን 1494ን አውጥተዋል፤ በአውሮፓ የሚሸጥ ማንሻ ላይ የትኛው እንደተጻፈ ማየት ዕቃው ለምን ተፈትኖ እንደመጣ ይናገራል።

ፓምፑ አላነሣ ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አየር ነው። የመልቀቂያው ቫልቭ ተከፍቶ እጀታው ደጋግሞ ሲጫን አየሩ ወደ ቋቱ ይመለሳል። የጎደለው ዘይት በክሪክ ዘይት ይሞላል እንጂ በፍሬን ዘይት አይሞላም፤ የፍሬን ዘይት በብዛት ከግላይኮል የተሠራ ስለሆነ የክሪኩን የላስቲክ ቀለበቶች ያሳብጣል፣ ያበላሻልም። ይህ ስሕተት ሁለቱም «ዘይት» ስለሚባሉ ብዙ ጊዜ ይደርሳል።

ሰንሰለት ያለው ፓራንኮም ሌላ መንገድ ነው። ከላይ የሚነሣ ሞተር ሳይክል ሆዱ ሙሉ በሙሉ ነጻ ይሆናል፤ ሞተር ለማውጣትና የኋላ ክንድ ለመፍታት ከዚህ የሚሻል የለም። ችግሩ ያለው በጣሪያው ላይ ነው። በባሕር ዛፍ እንጨት ላይ ቆርቆሮ የተመታበት ጣሪያ የተሰላው ለቆርቆሮው፣ ለነፋስና ለዝናብ እንጂ ለተንጠለጠለ ብረት አይደለም። ፓራንኮ ለመስቀል ራሱን የቻለ ባለ አራት እግር የብረት መቆሚያ መሥራት ወይም በተሸካሚ ኮንክሪት ምሰሶ ላይ የተቀመጠ የብረት አግዳሚ መጠቀም ይገባል። ማሰሪያውም በመሪው ላይ ሳይሆን በመሪው አንገት ዙሪያና በሻሲው ኋላ ይያዛል።

ወለሉም የማንሻው አካል ነው። ጠንካራ ሊሾ ለማንኛውም ማንሻ ይበቃል። ሰድር ግን በክሪክ እግር ጠባብ ጠርዝ ይሰነጠቃል፤ በሙቀት የላላ አስፋልት ይሰጥማል፤ የአፈር ወለል ደግሞ አንደኛው እግር እንዲገባና ሌላው እንዲቀር ያደርጋል። ለሁሉም መድኃኒቱ ከማንሻው ሥር ሰፊና ወፍራም ጣውላ ወይም የብረት ላሜራ ማንጠፍ ነው። ጠረጴዛ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ስፋቱን ሲለካ የጠረጴዛውን ብቻ አይለካም፤ በሁለቱም ጎን ሰው የሚንቀሳቀስበት አንድ አንድ ሜትር፣ ከኋላም ሞተር ሳይክሉ ወደ መድረኩ ተስተካክሎ የሚገባበት ሁለት ሜትር ያህል ያስፈልጋል።

ማስማማት የሚጀምረው በእንጨት ነው። ሁለት እጅ ያለው ማንሻ ወይም የመቀስ ክሪክ ሆዱ ወጣ ገባ ለሆነ ሞተር ሳይክል እንዲሆን ከጠንካራ እንጨት የተሠራ አግዳሚ ላዩ ላይ ይቀመጣል። አግዳሚው ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ሸክሙን ከአንድ ነጥብ ወደ ሰፊ ቦታ ይበትናል፤ የጭስ ማውጫው ቱቦ ወይም የዘይት ማፍሰሻው ብሎን የሚያልፍበት ቦታ ላይ ደግሞ ተቦርቡሮ ክፍተት ይተዋል። ለዚህ ሥራ ለስላሳ የጥድ ሞራሌ ይጨፈለቃል፤ እንደ ወይራ ያለ ጠንካራ እንጨት ወይም ተደራርቦ የተጣበቀ ፕላይውድ ይሻላል። አግዳሚው በማንሻው እጆች ላይ ልቅ ሆኖ መቀመጥ የለበትም፤ ከሥሩ በኩል ሁለት ማቆሚያ ቁራጮች ተመትተውበት እንዳይንሸራተት ይደረጋል፤ ከላይ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቆረጠ ጠፍጣፋ ቁራጭ ይለጠፍበታል። እንዲህ ያለ አግዳሚ ለአንድ ሞዴል በደንብ ከተለካ በኋላ የሞተር ሳይክሉ የራሱ ዕቃ ሆኖ ይቀራል፤ በላዩ የፊቱና የኋላው አቅጣጫ ምልክት ይደረግበታል።

የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ላለው ሰው ይህ አግዳሚ ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ባትሪው በብዛት ዝቅ ብሎ በመሐል ይቀመጣል፤ የባትሪው ሳጥን ደግሞ ሸክም እንዲቀበል አልተሠራም። አግዳሚው ከሳጥኑ ፊትና ኋላ ያለውን ሻሲ ብቻ እንዲነካ ሆኖ ይቆረጣል፤ ይህ ካልተቻለ ሞተር ሳይክሉ በክንዱና በመሪው አንገት በኩል ይነሣል።

የጠረጴዛ ማንሻ ላይ ደግሞ መጀመሪያ የሚለወጠው የፊት ጎማው ሞርሳ ነው። ርካሽ ጠረጴዛዎች ጎማውን ከሁለት በኩል በሞርሳ ያጠብቁታል፤ ሞርሳው ቸርኬውን ይጭራል፣ ጎማው አየር ሲጎድለውም ይላላል። በቦታው ጎማው ተንከባሎ ሲገባ በራሱ ክብደት ተገልብጦ የሚቆልፍ መያዣ ማሰር ለብቻ ለሚሠራ ሰው ከሁሉም የሚጠቅም ለውጥ ነው፤ ሞተር ሳይክሉ እጅ ከተለቀቀ በኋላም ቀጥ ብሎ ይቆያልና ቀበቶውን ለማሰር ሁለት እጅ ነጻ ይሆናል። መያዣው በጠረጴዛው ላይ በአራት ብሎን ይታሰራል፤ ቀዳዳው ረዘም ያለ ከሆነ ለአጭርም ለረጅምም ሞተር ሳይክል ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንቀሳቀሳል። የሚቀመጥበት ቦታ የሚወሰነው በጎማው ሳይሆን በክብደቱ ነው፤ የሞተር ሳይክሉ ክብደት መሐል ከመቀሱ በላይ እንዲያርፍ ይደረጋል። ረጅም ሞተር ሳይክል የኋላ ጎማው ከመድረኩ ውጪ የሚቀር ከሆነ መድረኩ በቱቦላሬ ይራዘማል፤ ነገር ግን መራዘም ያለበት በፊት በኩል ነው። በኋላ በኩል የተራዘመ መድረክ ሞተር ሳይክሉ ሲወጣ ክብደቱ ከመሠረቱ ውጪ ያርፍና ጠረጴዛውን ከፊት ያስነሣዋል።

የመድረኩ ጠባብነት ሌላው ችግር ነው። ሞተር ሳይክሉን ወደ ላይ የሚገፋ ሰው እግሩን የሚያሳርፍበት ቦታ ያጣል፤ የጎን መቆሚያውም ጫፍ ከጠርዙ ያመልጣል። በሁለቱም ጎን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያላቸው፣ በማጠፊያ ወይም በፒን የሚታሰሩና ሲያስፈልግ የሚነቀሉ ክንፎች ችግሩን ያቃልላሉ። ክንፎቹ ለሰው እግርና ለመቆሚያ ብቻ እንጂ ለሸክም አይደሉም፤ መሠረቱን አያሰፉትም።

የቀበቶ ማሰሪያ ቦታ በብዙ ጠረጴዛዎች ላይ ይረሳል፤ አንዳንዶቹ ምንም ቀለበት ሳይኖራቸው ይሸጣሉ። በመድረኩ አራት ጥግ ወፍራም የብረት ቀለበት በብየዳ ወይም በወፍራም ብሎንና ዳዶ መግጠም ይገባል፤ የብሎኑ ራስ ብቻውን ቀጭኑን ላሜራ ስለሚቀድ ከሥር ሰፊ ማጠናከሪያ ላሜራ ይደረግለታል። ቀበቶው የሚያዘው በመሪው ሳይሆን በአሞርዛተሮቹ ማሰሪያ በታችኛው ብረት ላይ ነው፤ መሪው ይዞራል፣ ይታጠፋልም። የፊቶቹ ሁለት ቀበቶዎች ወደ ፊትና ወደ ጎን ተዘርግተው የፊት አሞርዛተሮቹ ጉዟቸውን ሲሶ ያህል እስኪጨመቁ ድረስ ይጠበቃሉ። ከዚያ በላይ ማጥበቅ የአሞርዛተሩን የዘይት መከላከያ ያስጨንቃል እንጂ ሚዛን አይጨምርም። የፊቱ ጎማ የሚወጣ ከሆነ ግን ይህ ዘዴ ይፈርሳል፤ ጎማው ሳይኖር ቀበቶው የሚጎትተው አየር ነው። በዚያ ጊዜ የኋላ ጎማው በመድረኩ ላይ ታስሮ፣ ከሞተሩ ሥር ክሪክ ገብቶ፣ ቀበቶዎቹ በሻሲው ላይ ይዛወራሉ። ብዙዎቹ ጠረጴዛዎች ከኋላ ጎማ ሥር ያላቸው ተነቃይ ክዳን የሚጠቅመው ደግሞ የኋላ ጎማው ሲወጣ ነው፤ ክዳኑ ይነሣና ጎማው ወደ ታች ይወርዳል፤ ሞተር ሳይክሉን ተጨማሪ ማንሳት አያስፈልግም።

አዲስ ጋራዥ የሚያሠራ ሰው ደግሞ ወለሉ ከመፍሰሱ በፊት ሌላ ዕድል አለው። ተኝቶ 20 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጠረጴዛ በዚያው ጥልቀት በተሠራ ጉድጓድ ውስጥ ሲቀመጥ መድረኩ ከወለሉ ጋር እኩል ይሆናል፤ መወጣጫው፣ የመግፋቱም ትግል ይቀራል፤ መኪናም በላዩ ያልፋል ለማለት ግን መድረኩ ለዚያ መሠራቱን ማረጋገጥ ያሻል። ጉድጓዱ የውሃ መውጫ ካልተሠራለት ሲሊንደሩ ይዝጋል። ነዳጅ የሚተንበት ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳልና እንዲህ ባለ ዝቅ ያለ ቦታ ይከማቻል። በጉድጓዱ አጠገብ መበየድ ወይም ማሞቂያ ማስቀመጥ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ጠረጴዛ ለመግዛት አቅም የሌለው ወይም ሥራው የማያስገድደው ሰው ቋሚ ከፍታ ያለው የእንጨት ወይም የቱቦላሬ መድረክ ሊያሠራ ይችላል። ብዙ ትንንሽ ጋራዦች ይህንኑ ይጠቀማሉ፤ ለቀላል ሞተር ሳይክልም ይስማማል። ስሌቱ በመወጣጫው ላይ ነው። 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ መድረክ በ2.4 ሜትር ጣውላ ከተወጣበት፣ መወጣጫው በእያንዳንዱ አራት ሜትር ርዝመት አንድ ሜትር ይነሣል። 120 ኪሎ የሚመዝን ሞተር ሳይክል በዚያ ላይ ሲገፋ የጎማው ሰበቃ ሳይቆጠር 30 ኪሎ ያህል ግፊት ይጠይቃል፤ አንድ ጠንካራ ሰው ይችለዋል። 240 ኪሎ የሚመዝነው 60 ኪሎ ይጠይቃል፤ ያንን ሽቅብ እየገፉ ሚዛን መጠበቅ ግን የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ስለዚህ መድረኩ ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል፣ ወይም ጣውላው ይረዝማል፣ ወይም ከፊት በኩል የእጅ መጎተቻ ይታሰራል። ሞተሩን አስነሥቶ በማርሽ እየተጎተቱ መውጣት በብዛት ይታያል፤ ፍሪሲዮኑ በድንገት ከተለቀቀ ሞተር ሳይክሉ ከመድረኩ አልፎ ይሄዳልና የሚቆለፍ የጎማ መያዣ ሳይኖር መሞከር የለበትም። የመወጣጫው ጣውላም ከመድረኩ ጋር በፒን ይታሰራል፤ ባልታሰረ ጣውላ ላይ የኋላ ጎማ ሲወጣ ጣውላው ወደ ኋላ ይሸሻል።

በብዙ መንደር ጋራዦች ሞተር ሳይክልን በጎኑ አስተኝቶ መሥራት፣ ከሥሩም ድንጋይ ወይም ብሎኬት ማስገባት የተለመደ ነው። ማስተኛቱ በአስቸኳይ ጊዜ ጎማ ለማውጣት ይጠቅማል፤ ነገር ግን ቤንዚን ከክዳኑ ይፈስሳል፣ የሞተር ዘይት ወደ አየር ማጣሪያው ይገባል፣ በአሲድ የሚሠራ ባትሪም አሲዱን ያፈስሳል። ብሎኬት ግን በፍጹም አይሁን። ከላይ ሲጫን ጠንካራ ይመስላል፤ በጠባብ ብረት ጠርዝ ሲነካ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይፈረካከሳል። በእጅ የሚገኘው እሱ ብቻ ከሆነ ሥራው ለሌላ ቀን ይቆይ።

ያገለገለ ማንሻ መግዛት ብዙ ወጪ ያድናል፤ ምርመራውም አስቸጋሪ አይደለም። ሞተር ሳይክል ተጭኖበት ይነሣል፤ ቦታው በኖራ ምልክት ይደረግና ለአንድ ሰዓት ያህል ይጠበቃል፤ ከምልክቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር የወረደ ጠረጴዛ የሲሊንደሩ ቀለበት መቀየር ብቻ ይፈልጋል፣ ዋጋ ለማስቀነስም ምክንያት ይሆናል። የመቀሱ ፒኖች ከቀዳዳቸው ውስጥ እየተንገጫገጩ ከሆነ ግን ቀዳዳዎቹ ሰፍተዋል፤ መድረኩ ሲነሣ ወደ ጎን ይወዛወዛል። የብየዳ ስንጥቅ ከቀለም ሥር እንደ ቀጭን የዝገት መስመር ይታያልና ከመሠረቱ ጋር የተገናኙት መገጣጠሚያዎች በብረት ብሩሽ ተፍቀው መታየት አለባቸው። መቆለፊያ ዘንጉ የጠፋበት ወይም ተቆርጦ በሌላ ብረት የተተካበት ጠረጴዛ በየትኛውም ዋጋ አይገዛም።